የማሲንቆ ጣት አቀማመጥ፦ የቀለበት ጣቴ ለምን ቦታውን አያገኝም?

ጀማሪው ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ጤና ይስጥልኝ። ማሲንቆ መማር ከጀመርሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ማሲንቆውን ባለፈው ዓመት አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በጋቢ ጠቅልላ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋ አምጥታልኛለች፤ ይሁን እንጂ እዚህ አሜሪካ በአካባቢዬ የሚያስተምረኝ ሰው ስላላገኘሁ የምማረው ባለሙያዎች ሲጫወቱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ደጋግሜ በማየት ብቻ ነው። ከዚህ በፊት ስድስት ዓመት ያህል ጊታር ተጫውቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ ልምድ ይረዳኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን እንቅፋት የሆነብኝ እሱው ራሱ ይመስለኛል።

ችግሬን በዝርዝር ላስረዳ። የጊታር አንገት በፍሬት፣ ማለትም አግድም በተሰኩ ቀጫጭን የብረት መስመሮች፣ የተከፋፈለ ስለሆነ ጣቴ በሁለት ፍሬቶች መካከል የትም ቢያርፍ የሚወጣው ድምፅ ያው አንድ ነው። ማሲንቆ ላይ ግን ፍሬት ቀርቶ ጣት የሚያርፍበት ገበታ እንኳ የለም፤ ክሩ ከዘንጉ ርቆ አየር ላይ ተወጥሮ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጊታር ልማዴ ክሩን እስከ እንጨቱ ድረስ ስጫነው ድምፁ እየታነቀ አስቸግሮኝ ነበር። እሱን አሁን ትቼዋለሁ፤ ነገር ግን ጣቴ ምን ያህል መጫን እንዳለበት እስካሁን አልገባኝም።

የምለማመደው በትዝታ ቅኝት ነው። ባዶውን ክር ዶ ብዬ ሬን በሌባ ጣት፣ ሚን በመሐል ጣት፣ ሶልን በቀለበት ጣት፣ ላን በትንሿ ጣት እይዛለሁ። ሬ እና ሚ ላይ ብዙም አልቸገርም። ሶል ላይ ስደርስ ግን ድምፁ ሁልጊዜ ወርዶ ይወጣል፤ ይህን ላስተካክል ብዬ ጠበቅ አድርጌ ስጫን ደግሞ አንዳንዴ ከልኩ አልፎ ይሄዳል። ባለፈው እሑድ ለአጎቴ በስልክ ስጫወትለት ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ «ልጄ፣ በትዝታ ጀምረህ ነበር፤ መሐል ላይ ማን አሳሳተህ?» አለኝ። ሳቅን እንጂ ነገሩ ከልቤ አልወጣም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጣቶቼ የሚያርፉበት ቦታ በመለኪያ ሊነገር የሚችል ነው ወይስ በጆሮ ብቻ የሚገኝ ነው? ሁለተኛ፣ ዘንጉ ላይ በእርሳስ ምልክት ባደርግ ነውር ይሆንብኛል? አንድ ቀን ያገኘሁትን ቦታ በማግስቱ ስለማጣው ምልክት የሚያስፈልገኝ መስሎኛል። ለምትሰጡኝ መልስ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ባለ ማሲንቆ ከአዲስ አበባ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ ማሲንቆ በደህና መጡ። ጥያቄዎን በሚገባ ስላብራሩት ለመመለስ አይከብድም። ስለ ጣቶቹ ከማውራቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ማሲንቆውን ማን ነው የተሸከመው? ተቀምጠው ሲጫወቱ የድምፅ ሣጥኑ በጉልበትዎ መካከል ወይም በጭንዎ ላይ በደንብ ካልተደላደለ የዘንጉን ክብደት የሚሸከመው ግራ እጅዎ ነው፤ ሸክም የያዘ እጅ ደግሞ ጣቶቹን እንደ ልቡ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ስለዚህ ዛሬውኑ ይህን ይሞክሩ፦ ማሲንቆውን እንደ ልማድዎ ይያዙና ግራ እጅዎን ቀስ ብለው ይልቀቁት። ዘንጉ የሚወድቅ ከሆነ የችግርዎ ግማሽ ጣትዎ ላይ ሳይሆን አያያዝዎ ላይ ነው።

ወደ ጣቶቹ ልመለስ። ማሲንቆ ላይ ክሩ ወደ እንጨቱ አይጣበቅም፤ የጣት ሥጋ ክሩን ነክቶ፣ ከመቃኛው በኩል ያለውን ክፍል እንዳይንቀጠቀጥ ከለከለ ማለት ሥራውን ፈጽሟል። ከዚያ በላይ የሚጨመር ጉልበት ሁሉ ክሩን ይበልጥ ስለሚወጥረው ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን በራስዎ ጆሮ እንዲያረጋግጡት እፈልጋለሁ። ሌባ ጣትዎን አንድ ቦታ ላይ ያሳርፉና ደጋኑን ረጅም አድርገው ይሳቡ፤ ጣቱ ከቦታው ፈቀቅ ሳይል ግፊቱን ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ድምፁ እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ዳገት እየወጣ ሲሄድ ይሰሙታል። እንግዲህ ማሲንቆ ላይ አንድን ድምፅ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጣትዎ የት እንዳረፈና ምን ያህል እንደከበደ። ጊታር የለመደ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ያስባል፤ ሁለተኛውን ፍሬቱ ያስብለት ነበርና።

አሁን እርስዎ የገለጹት ነገር ግልጽ ይሆናል። የቀለበት ጣትዎ ቦታው ስለማይደርስ ድምፁ ይወርዳል፤ ጆሮዎ ደህና ስለሆነ መውረዱን ይሰማና እጅዎን «ጨምር» ይለዋል፤ እጅዎ ደግሞ ወደ ታች በመሄድ ፈንታ በጉልበት ይጨምራል። በጉልበት የተገኘ ድምፅ በየቀኑ ይለያያል፤ ትናንት ያገኙትን ዛሬ የሚያጡትም ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ድምፅ የሚሰጥዎትን ቀላሉን ግፊት በሌባ ጣት ይፈልጉ፤ ከዚያም በአራቱም ጣቶች ያንኑ ግፊት ይለማመዱ። የተባለውን ቦታ ፍለጋ መጀመር ያለበት ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

የቀለበት ጣቱ ለምን አይደርስም ለሚለው፣ ሳላይዎት ብናገርም ምክንያቱ አውራ ጣትዎ ይመስለኛል። ብዙ ጀማሪዎች አውራ ጣታቸውን ከመቃኛው ሥር ተክለው ሌሎቹን ጣቶች ብቻ ይዘረጋሉ። በትዝታ ከሚ እስከ ሶል ያለው ርቀት ከሬ እስከ ሚ ካለው የሰፋ ነው፤ አውራ ጣቱ ካልተንቀሳቀሰ መሐል ጣትና የቀለበት ጣት ያን ያህል ተለያይተው መከፈት አይችሉም። መፍትሔው ጣትን መለጠጥ ሳይሆን እጅን ማውረድ ነው። ሚን ለቅቀው ወደ ሶል ሲሄዱ አውራ ጣትዎ ዘንጉን ታኮ ከእጁ ጋር አብሮ ይንሸራተት። አውራ ጣት ዘንጉን መጭመቅ የለበትም፤ ዘንጉ በአውራ ጣትና በተቀረው እጅ መካከል እንደ ልብ ማለፍ አለበት።

በልምምድ ቅደም ተከተል ላይ ከብዙ አስተማሪዎች እለያለሁ። በተለምዶ ከሌባ ጣት ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ እኔ ግን ተማሪዎቼን ከሶል ነው የማስጀምራቸው። ምክንያቱም ከባዶው ክር ጋር በጥብቅ የሚስማማው ድምፅ ሶል ስለሆነ፣ ያልለመደ ጆሮም ቢሆን ሲስማማና ሲዛነፍ ወዲያው ያውቀዋል። መጀመሪያ ባዶውን ክር ይምቱ፣ ሶልን በአፍዎ ያዚሙት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ጣትዎ ያዜሙትን ድምፅ ፍለጋ ይሂድ። ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል እያሉ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ምንም ባይጫወቱ አልከሰሩም። ሶል ከተገኘ ላ ከሥሩ ቅርብ ነው፤ ሬ እና ሚ ደግሞ ከባዶው ክርና ከሶል መካከል ተይዘው ስለሚገኙ ብዙ አይጠፉም።

አንድ ነገር ልጨምር። የማሲንቆ ውበት ከድምፅ ወደ ድምፅ በመንሸራተትና ጣትን በማርገብገብ ላይ ነው፤ ነገር ግን ጀማሪ ሰው መንሸራተትን የሚጠቀምበት የሳተውን ቦታ ለመሸፈን ነው። ለጊዜው ጣትዎን አንሥተው ያስቀምጡ እንጂ አይጎትቱ። ከሳተ ይሳት፤ ስሕተቱ በግልጽ ይሰማ።

እንጨትና ቆዳ ሠሪው፦

የመምህሩ መልስ ትክክል ነው፤ እኔ የምመልሰው ስለ መለኪያው ነው፤ ጠያቂው «በመለኪያ ሊነገር ይችላል ወይ» ብለው ጠይቀዋልና። ይችላል። የመሥሪያ ቦታዬ ማሲንቆና ክራር የሚሠራበት ስለሆነ ለጀማሪዎች ይህን ስሌት ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

መለካት ያለበት የሚንቀጠቀጠው የክሩ ክፍል ነው፤ ይኸውም ክሩ ከመቃኛው ከሚለቅበት ነጥብ ጀምሮ ከቆዳው ከፍ አድርጎ እስከሚይዘው ብርኩማ ድረስ ያለው ነው። ለምሳሌ ይህ ርዝመት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሬ የሚገኘው ከመቃኛው ወደ ታች የርዝመቱ አንድ ዘጠነኛ ላይ፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሚ አንድ አምስተኛው ላይ፣ 9 ሳንቲ ሜትር፤ ሶል አንድ ሦስተኛው ላይ፣ 15 ሳንቲ ሜትር፤ ላ ሁለት አምስተኛው ላይ፣ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ላይኛው ዶ እኩሌታው ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ከግማሽ። ከዚህ መምህሩ የተናገሩትን በዓይን ማየት ይቻላል፦ ከሬ እስከ ሚ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ከሚ እስከ ሶል ግን 6 ሳንቲ ሜትር አለ። የቀለበት ጣት የሚወድቀው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሰዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። አንዳንዶች «ማሲንቆ በየጊዜው እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍና ዝቅ ተደርጎ ስለሚቃኝ የጣት ቦታውም አብሮ ይለዋወጣል» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ልክ አይደለም። መቃኛውን ሲያጠብቁ ሁሉም ድምፆች እኩል ይወጣሉ፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ምጣኔ የሚወሰነው በክሩ ርዝመት እንጂ በጥብቀቱ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሦስተኛው ላይ ያለው ሶል ክሩ ቢላላም ቢጠብቅም ሶል ነው። ቦታውን በእርግጥ የሚያዛባው የብርኩማው መንቀሳቀስ ነው። የማሲንቆ ብርኩማ አልተጣበቀም፤ ክሩ ተጭኖት ብቻ ስለሚቆም በጉዞ ላይ ወይም ሲወለወል አንድ ሳንቲ ሜትር ቢገፋ ምልክቱ ሁሉ ይስታል። ብርኩማው የቆመበትን ቦታ ቆዳው ላይ በቀጭኑ ምልክት ያድርጉበት፤ ዘንጉ ላይ ከሚደረገው ምልክት ይልቅ የሚጠቅመው ይህኛው ነው።

በተጨማሪም ጠያቂው ያሉበት አገር ክረምቱ ቤት ውስጥ በማሞቂያ የሚያልፍበት ስለሆነ አየሩ በጣም ይደርቃል። ክሩ የተሠራበት የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቆዳውም እርጥበት ሲነካው ይረግባል፣ ሲደርቅ ይወጠራል። ጠዋት የተቃኘ ማሲንቆ ማታ ከፍ ብሎ ቢገኝ አይደነቁ፤ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ሁልጊዜ ይቃኙ። ከማሞቂያው አጠገብም አያስቀምጡት፤ ቆዳው ሊሰነጠቅ ይችላል።

የጻፍኋቸው ቁጥሮች ጣት ክሩን ሳይወጥረው የሚገኙ ናቸው። በእውነት ስንጫወት ጣታችን ክሩን በመጠኑ ስለሚገፋው ትክክለኛው ቦታ ከስሌቱ ትንሽ ወደ መቃኛው ቀረብ ይላል። ስንት ሚሊ ሜትር ለሚለው መልሱ በእያንዳንዱ ሰው ጣት ነው።

ባለ ቫዮሊኗ፦

እኔ ሕፃናትን ቫዮሊን የማስተምር ነኝ፤ ስለ ምልክት የተነሣው ነገር በየቀኑ የሚገጥመኝ ጉዳይ ስለሆነ አስተያየቴን ልስጥ። ቫዮሊንም እንደ ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ጀማሪ ሕፃናት ግን የጣት ገበታው ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጠፍላቸዋል፤ እኔም እለጥፋለሁ። አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሳይነሣ ሲቆይ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ቫዮሊን ላይ የሚሠራበት ምክንያት ማሲንቆ ላይ የለም። የቫዮሊን ክር ከገበታው ያለው ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነና ጣት ሲጫን ገበታውን ስለሚነካ፣ ጣትና ምልክት ይገናኛሉ። የማሲንቆ ክር ከዘንጉ በጣም ርቆ ስለሚያልፍ ጣትዎ በምልክቱ ትይዩ መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስነው የዓይንዎ አቅጣጫ ነው። ራስዎን ትንሽ ቀና ሲያደርጉ ምልክቱ ከጣትዎ በላይ ይመስልዎታል፤ ጎንበስ ሲሉ ከጣትዎ በታች ይታይዎታል። በዚያ ላይ ደግሞ አንገትዎን አጣምመው ዘንጉን እያዩ መጫወት ይለምዱና እሱን ለማስተው ሌላ ዓመት ይፈጅብዎታል።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ምልክት ያድርጉ፤ ነገር ግን እንዲያዩት ሳይሆን እንዲፈትኑበት ይሁን። ዓይንዎን ጨፍነው ሶልን በጆሮ ይፈልጉ፣ አገኘሁት ሲሉ ጣትዎን ሳያነሡ ዓይንዎን ይግለጡና ከምልክቱ ምን ያህል እንደራቁ ይመልከቱ። እኔ ይህን ከልጆቹ ጋር እንደ ጨዋታ እናደርገዋለን፤ ከሽማግሌ ተማሪ ጋርም ይሠራል።

ሌላው ሐሳቤ ቅኝቶቹን ነጣጥሎ ለመስማት ቫዮሊን ወይም ፒያኖ የሚጠቅም መሆኑ ነው። ለምሳሌ ቫዮሊን ላይ የላን ክር መነሻ አድርገን ብንጫወት (ላ እና ሚ እዚህ የቫዮሊን ክሮች ስም እንጂ የቅኝቱ ድምፆች አይደሉም)፣ ትዝታ ባዶ ክር፣ አንደኛ ጣት፣ ከፍ ያለ ሁለተኛ ጣት፣ ከዚያ ባዶው የሚ ክርና በእሱ ላይ አንደኛ ጣት ይሆናል። አምባሰል ደግሞ አንደኛ ጣትን ወደ ባዶው ክር አስጠግቶ በግማሽ ድምፅ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛውን ጣት ዘልሎ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ በሚ ክር ላይም አንደኛው ጣት እንደገና ዝቅ ይላል። ባቲ ከባዶው ክር ቀጥታ ወደ ሁለተኛ ጣት ስለሚዘል አንደኛ ጣት ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። አራተኛውን አንቺሆዬን ጨምሮ አራቱንም ቅኝቶች በዚህ መንገድ ሲጫወቱ አንድ ነገር ያስተውላሉ፦ የቅኝቱ ባሕርይ ያለው ጣቶቹ በተጠጋጉበትና በተራራቁበት ላይ ነው። እጅ ቅርጹን ከያዘው ጆሮ የተቀረውን ያስተካክለዋል።

የእንጨት ሠሪውን ስሌት ልጠቀምና አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ45 ሳንቲ ሜትር ክር ላይ ሚ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው ተብሏል፤ የሚ ግማሽ ድምፅ ዝቅታ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይገኛል። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ያወረደ ሰው ከዋናው ትዝታ ወጥቶ ማይነር ወደምንለው፣ ሐዘን ወዳለበት ትዝታ ገብቷል ማለት ነው። የመሐል ጣት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ማለት ነው ልዩነቱ። ስለዚህ የጠያቂው አጎት «ማን አሳሳተህ» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ክራር መቺው፦

ብዙ የምጨምረው የለኝም፤ ከክራር ልምዴ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ክራር ላይ የጣት ቦታ ጥያቄ ሌላ መልክ አለው። ክሩን በማሳጠር ድምፅ አናወጣም፤ እያንዳንዱ ክር አስቀድሞ በቅኝቱ ተቃኝቶ ይቀመጣል፤ ግራ እጅም የየጣቱ ድርሻ ከሆነው ክር ኋላ ይቆማል። ስንገርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክሮች ስለሚመታ የግራ እጅ ጣቶች ሥራ የማንፈልጋቸውን ክሮች አፍኖ የምንፈልገውን ብቻ መልቀቅ ነው። በገናም ላይ ቢሆን ከ10ሩ ክሮች ሁሉም የማይመቱበት አደራደር አለ፤ የማይመቱት ክሮች ጣት ደርድሮ የሚያርፍባቸው ናቸው። የእኛ መሣሪያዎች ጣትን የሚጠቀሙበት መንገድ እንዲህ የተለያየ ስለሆነ ከጊታር ወደ ማሲንቆ የመጣ ሰው ቢደናገር አይገርምም።

ይህን ያነሣሁት ለጠያቂው ስለሚጠቅም ነው። ክራር ያለው ወዳጅ ካለዎት በትዝታ ቃኝቶ አጠገብዎ ይቀመጥና አንድ አንድ ድምፅ ይስጥዎ፤ እርስዎ በማሲንቆ ያንን ድምፅ ይከተሉ። የክራሩ ድምፅ ጣት በመጫኑና ባለመጫኑ ስለማይዛባ ጥሩ ምስክር ነው። ክራር ካልተገኘ በስልክ ላይ ሳያቋርጥ የሚሰማ አንድ ቋሚ ድምፅ፣ ማለትም ዶን፣ ከፍተው በላዩ ይለማመዱ። ሶል ልክ ሲገባ ሁለቱ ድምፆች ይዋሐዳሉ፤ ሲስት ግን መንቀጥቀጥ የመሰለ ነገር ይሰማል። በስልክ ላይ ያለውን የመቃኛ መርፌ እያዩ መለማመድን ግን አልመክርም፤ ዓይን ከዘንጉ ተነሥቶ ወደ ስልኩ ሄደ እንጂ ጆሮ አልሠራም።

ጀማሪው ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የተከበራችሁ መላሾች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሠራበት ቆይቼ ውጤቱን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። በመጀመሪያ መምህሩ እንዳሉት ግራ እጄን ስለቅ ማሲንቆው ወደ ጎን ወደቀ፤ እግሬ ሥር ትንሽ በርጩማ አስገብቼ ጉልበቴን ከፍ ሳደርግ ሣጥኑ ተደላደለ፤ በዚያው ቀን እጄ ቀለል አለኝ።

ከዚያ መለካት ጀመርሁ። የእኔ ማሲንቆ ከመቃኛው እስከ ብርኩማው 46 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሶል በስሌቱ አሥራ አምስት ከሩብ አካባቢ መሆን ነበረበት። ዓይኔን ጨፍኜ በድሮ ልማዴ የቀለበት ጣቴን ሳሳርፍና ስለካው ግን 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ላይ ተገኘ! ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በጉልበት ነበር የምሞላው ማለት ነው። የገረመኝ ደግሞ ይህን ርቀት በቁጥር ሳሰላው ከፋ እና ከሶል መሐል፣ አንቺሆዬ ቅኝት የሚጠቀምበት ቦታ ላይ የሚወድቅ መሆኑ ነው። አጎቴ በትዝታ ጀምሬ መሐል ላይ የሳትሁ መስሎት የነበረው በከንቱ አልነበረም።

አሁን አውራ ጣቴን ከእጄ ጋር አብሮ እንዲወርድ እያስለመድሁት ነው። ስልኬ ላይ ዶን ከፍቼ ዶ እና ሶልን ብቻ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እጫወታለሁ። የቤቴ ሰዎች በቃን ብለዋል፤ እኔ ግን ሁለቱ ድምፆች ሲገጥሙ በጭንዬ ላይ ሣጥኑ ሲነዝር ይሰማኛል፤ ከጆሮዬ በፊት የሚነግረኝ እሱ ሆኗል። ዘንጉ ላይ በእርሳስ አንድ ምልክት ብቻ፣ ለሶል፣ አድርጌያለሁ፤ ሌሎቹን አላስፈለገኝም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሶልን ካገኘሁ በኋላ ላን በትንሿ ጣት ስይዝ ድምፁ ይሳሳል፣ ይንጫጫል። ጣቷ አጭር ስለሆነች ነው ወይስ አሁንም የግፊት ጉዳይ ነው?

ባለ ማሲንቆ ከአዲስ አበባ፦

ደስ የሚል ዜና ነው። የሣጥኑን ንዝረት በጭንዎ መስማትዎን ወድጄዋለሁ፤ እኔ ለተማሪዎቼ ለመንገር ቃል የሚያጥረኝ ነገር ነበር።

የትንሿን ጣት ነገር በተመለከተ፣ ድምፁ የሚንጫጫው ጣቷ ክሩን በሥጋዋ ሳይሆን በጫፏ ስለምትነካው ይመስለኛል። የተዘረጋች ትንሽ ጣት ቀጥ ትላለች፤ ቀጥ ያለች ጣት ደግሞ ክሩን በጠባብ ቦታ ስለምትነካ ንዝረቱን በሚገባ አትቆርጠውም። በእርስዎ ማሲንቆ ላይ ከሶል እስከ ላ ያለው ርቀት 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ከሚ እስከ ሶል ካለው ግማሽ ነው፤ መዘርጋት አያስፈልግም። ሶልን ይዘው ሳሉ ትንሿን ጣት አጠፍ አድርገው ከክሩ በላይ ዝግጁ ሆና እንድትጠብቅ ያድርጓት፤ ስትወርድም የቀለበት ጣቱ አይነሣ፤ ሁለቱ አብረው ክሩን ይያዙ። ያኔ ጉልበቱን የሚሰጠው የቀለበት ጣት ስለሚሆን ትንሿ ጣት ቦታውን ከማሳየት በቀር ሌላ ሸክም አይኖርባትም።

ይህም ካልረዳዎት ትንሿን ጣት ለጊዜው ያሳርፏትና ላን ራሱ በቀለበት ጣት፣ እጅዎን አውርደው ይያዙት። አውራ ጣትዎ መንሸራተት ስለለመደ አሁን ይቻልዎታል። ደግሞም ደጋኑን አይርሱ፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው የክሩ ክፍል እያጠረ ስለሚሄድ ለባዶው ክር የሚስማማው የደጋን ክብደት ለላ ሊበዛበት ይችላል። ደጋኑ ክሩን እንዲይዝ ደጋኑ ላይና ክሩ ላይ የሚቀባው ዕጣን ተሟጦ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ጣት የሚወቀስበት ብዙው መንጫጫት ከዚያ የሚመጣ ነው። አጎትዎ ሲያዳምጡ ምን እንዳሉ ደግሞ ይጻፉልን።